ሦስተኛው ሸክላ

«ውሰደው። ሸክላዎቹንም ጨምረህ ውሰድ። ዳግመኛ ዓይኔ እንዳያየው።»

እትዬ የዓለምወርቅ ግራማፎኑን በጨርቅ እንደተሸፈነ ከመደቡ አንስተው ወልደኢየሱስ እግር ሥር አኖሩት። የልጃቸው የአድማሴ ተዝካር ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። ጠጉራቸው ተላጭቷል፤ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ድምፃቸው በለቅሶ ብዛት ሻክሯል።

የአድማሴ ጓደኛ ወልደኢየሱስ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከዚህ ሣጥን አብልጦ የተመኘው ነገር አልነበረም። ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲሄድ «የኔ ቢሆን» እያለ በሐሳቡ አዙሮታል፣ አጫውቶታል። አሁን ግን ሊያነሣው አልደፈረም።

«ኧረ ይቅር እትዬ። አያ ሐብቴ ምን ይላሉ?»

«የማንን ስም ነው የምትጠራብኝ?» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ። «ጭነት የሚያወርድለት ረዳት ቢጠፋበት ልጄን ቆላ ወስዶ ለወባ ንዳድ የሰጠ ሰው፣ በዚህ ቤት ምንም የሚለው ነገር የለም!»

ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ደጅ ድረስ እንዲሰማ ነው። የአድማሴ አባት አያ ሐብተ ማርያም ግቢው ውስጥ ከቆመችው ማኪናቸው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ጎማ የሚመረምሩ መስለዋል። ከጎንደር አስመራ ዕቃ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ ባልና ሚስቱ ቃል አልተለዋወጡም፤ ለአያ ሐብቴ እህል የምታቀርብላቸው እንኳ የጎረቤት ልጅ ናት። ለቀስተኛው ሁሉ የእትዬን ክስ ሰምቷል። አያ ሐብቴ አንድም ቀን አልመለሱም።

ወልደኢየሱስ ግን እውነቱን ያውቃል። አድማሴን ቆላ ያወረደው ጭነት አይደለም።

ግራማፎኑን ከአስመራ ያመጡት ራሳቸው አያ ሐብቴ ነበሩ። አንድ ጣልያን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ ከሁለት ሸክላ ጋር ገዙት። የአንዱ ሸክላ መሐል ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ ስለሆነ ሁለት ዘፈን ያገኙ መስሏቸው፣ ሊማሊሞን ሲያፏጩ ወጡት። ቤት ደርሰው መርፌውን ሲያስቀምጡት ግን ጉድ ፈላ። ሁለቱም ያው ናቸው፤ ያው ዜማ፣ ያው መሣሪያ፣ አንድም ቃል የሌለበት። እትዬ የዓለምወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንዱን በግ ሁለቴ ሸጡልህ!» አሏቸው። ያን ጊዜ በዚያ ቤት ይሳቅ ነበር።

ያው አለመሆናቸውን የደረሱበት ሁለቱ ልጆች ናቸው። ሸክላዎቹን ትምህርት ቤት ወስደው ለህንዱ አስተማሪያቸው አሳዩአቸው። አስተማሪው ሸክላዎቹ መሐል ያለውን ጽሑፍ አንብበው፣ ዜማውን የደረሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ የጀርመን አገር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኑን፣ መሣሪያውም እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ፣ ጉልበት መካከል ተይዞ የሚጫወቱት ትልቅ ነገር መሆኑን ነገሯቸው። ተጫዋቾቹ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ።

«እንደ አባትህ መሪጌታ ነበር በለኛ!» አለ አድማሴ።

የወልደኢየሱስ አባት መሪጌታ ቢያዝን የቁስቋም አገልጋይ ናቸው። ልጁም በማሕሌቱ መካከል ያደገ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው። በማሕሌት አንዱ ቃል መጀመሪያ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል፣ በዝግታ ይባላል፤ ቁም ዜማ ነው። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሄዶ በመጨረሻ ከበሮው ሲፈጥን፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ጽፋት ይሆናል። ባለ ቀዩ ሸክላ ዝግ ያለ ነበርና «ቁሙ» አሉት። ባለ ሰማያዊው ፈጣን ነበርና «ጽፋቱ» ተባለ። ወልደኢየሱስ የቁሙ፣ አድማሴ የጽፋቱ ወገን ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰላም የለም።

«ያንተ ሰውዬ እኮ ገና መቋሚያውን እየፈለገ ነው» ይላል አድማሴ። «የኔው ማሕሌቱን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል።»

«ያንተው ማኪና ሊያመልጠው ነው እንጂ! እስቲ እዚች ጋ ስማ። ወደ ታች ሲወርድ ትንፋሹን ይሰበስባል። ያንተ ዘሏት ነው የሚሄደው።»

«አይዘላትም፤ እንደ ውኃ ያልፍባታል። ይልቅ ያንተው ተኝቶባታል።»

መርፌውን ያነሣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ደግመው ያነሣሉ። «መርፌው አለቀ፤ እናንተ አላለቃችሁ» ይሏቸዋል እትዬ፣ ቆሎ እያቀረቡ።

አንድ ቀን ግን ጨዋታው መረረ። ወልደኢየሱስ ተናደደና «አንተ ጆሮ የለህም፤ የሾፌር ልጅ ስለሆንህ ፍጥነት ብቻ ነው የሚገባህ» አለው። አድማሴ ግራማፎኑን ዘጋ። በማግሥቱ ግን ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ሲስቅ መጣ።

«ሦስተኛ ሰው ይፍረደን» አለ። «ይህንኑ ዜማ የተጫወተ ሌላ ሰው አስመራ አይጠፋም። አባቴን ለምኜ አብሬው እሄድና አመጣለሁ። ሦስተኛው ቀስ ካለ ረታኸኝ፤ ከፈጠነ ግን አበቃልህ።»

«ካላመጣህ እንዳትመለስ!» አለው ወልደኢየሱስ። ሁለቱም ሳቁ።

መስከረም ነበር። ሲሄዱ ተከዜ በረሃ ላይ ማኪናዋ ተበላሽታ ሰነበቱ። ሲመለሱ አዲ አርቃይ ላይ አድማሴን ንዳድ ጣለው። ሊማሊሞን ሲወጡ ሰው አይለይም ነበር። ቤቱ በገባ በማግሥቱ አረፈ።

ይህን ሁሉ ወልደኢየሱስ ሆዱ ውስጥ ይዞት ከረመ። በቀብሩ ዕለት አንድ ሰው የሚናገር መስሎት ነበር፤ ማንም አልተናገረም። አሁንም ሣጥኑን ተሸክሞ ዝም ብሎ ቢወጣ የሚያውቅበት የለም። ግራማፎኑ የሱ ይሆናል፤ እትዬም «ልጄ» ማለታቸውን አይተዉም።

ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ተሸከመ። በሩ ጋ ሲደርስ አያ ሐብቴን አያቸው። ያንኑ ጎማ እያዩ ነበር። ጎማው ምንም አልሆነም። ወልደኢየሱስ ይህን ሲያይ ተመልሶ ሣጥኑን መደቡ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ አድማሴን አባቱ አልወሰዱትም።»

«ምን አልህ?»

«እሱ ነው ለምኖ የሄደው። ሸክላ ሊያመጣ። በኔ ምክንያት ነው።»

«የምን ሸክላ? ሁለት ሸክላ አለ አይደለም እንዴ?»

«ሦስተኛ ፈልገን ነው። ማን የተሻለ እንደሚጫወት...» ወልደኢየሱስ ቀጠለ፤ ስለ ቁሙ ተናገረ፣ ስለ ጽፋቱ ተናገረ፣ ስለ ውርርዱ ተናገረ። እሱና አድማሴ ሙሉ ክረምት የኖሩበት ነገር ከአፉ ሲወጣ እንዴት እንዳነሰ ራሱ ሰማው። አፍሮ ሊያቋርጥ ፈልጎ ነበር፤ ግን የቀረውን መተው አልቻለም። «ካላመጣህ እንዳትመለስ አልሁት።»

እትዬ የዓለምወርቅ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። ማንበብ ስለማይችሉ ቀዩንና ሰማያዊውን ብቻ አዩ።

«አንድ ናቸው እኮ» አሉ። «ወልዴ፣ አንድ ዘፈን ናቸው እኮ!»

ሸክላዎቹን ሣጥኑ ላይ መልሰው አኖሩ።

«ውጣልኝ» አሉት፣ ቀስ ብለው። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ከወጣ በኋላ በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ያለ ለቅሶ ተሰማ።

አያ ሐብቴ ከጎማው ተነሥተው ቆመው ነበር።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «ምነው ተናገርህ?»

«ሰሙኝ?»

«ምን አዲስ ነገር አለው? ዳባት ሳንደርስ ነው የነገረኝ። መንገዱን ሙሉ የናንተኑ ጉድ ሲያወራኝ ነበር። እዚህ ጋ ይፈጥናል፣ እዚያ ጋ ቀስ ይላል፣ ወልዴ እንዲህ ብሎ፣ እኔ እንዲህ ብዬ። ማኪናዋ ስትበላሽ እንኳ አልከፋውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም? ይህን ሁሉ ቀን!»

አያ ሐብቴ በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ቁጣዋን እችለዋለሁ። አንተ ገና ልጅ ነህ። እሷ ከተቀየመችህ እዚህ ቤት ዳግመኛ አትመጣም፤ እኔ ደግሞ ሳላይህ መዋሌን ጠላሁት። ልጄ ከሚወደው ሰው የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

ወልደኢየሱስ እስካሁን በለቅሶው መካከል እንኳ እንደ ልቡ አላለቀሰም ነበር። አሁን የማኪናዋን በር ተደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። አያ ሐብቴ አባበሉት አይባልም፤ አጠገቡ ቆመው አብረውት አለቀሱ።

ከዚያ የጋቢናውን በር ከፍተው ከመቀመጫው ኋላ በአድማሴ ሹራብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«አገኘው» አሉ። «ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ውሎ አገኘው። ባለ ሱቁ ሸጋ ሰው ነበር፤ አጫወተለት።»

ወልደኢየሱስ መጠየቅ አልፈለገም። ግን ጠየቀ። «ምን አለ?»

«ሳቀ። "አባዬ፣ ወልዴ ረታኝ" አለኝ። "ይኸኛውም ቀስ ይላል።" ቶሎ እንሂድ፣ ልንገረው፣ እያለ ሲያጣድፈኝ ነበር። ከዚያማ...» አልጨረሱትም። ጥቅሉን ዘረጉለት። «ያንተ ነው።»

ወልደኢየሱስ ሹራቡን ዳሰሰው። ከውስጡ የሸክላው ጠርዝ ተሰማው። መርታቱ ይህ ከሆነ አድማሴ ሕይወቱን ሙሉ ቢረታው፣ ሲስቅበት ቢኖር በወደደ ነበር።

«ይቀመጥ፣ አያ ሐብቴ። አሁን አልችልም።»

አያ ሐብቴ መልሰው አስገቡት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር፤ የሠርክ ደወል ተሰማ።

«በል ቤትህ ግባ» አሉት። «አባትህ ይፈልጉሃል። እኔ እዚህ ነኝ።»

ወልደኢየሱስ ወደ ግቢው በር አየ። መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያ ዞሮ ወደ ተዘጋው በር ሄደና ደፉ አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልትሆን ነው ልጄ?»

«እትዬ የወጡ እንደሆነ ብዬ ነው» አለ። «ሊሰድቡኝም ከፈለጉ እንዳያጡኝ።»