የሃያ ሁለት ክረምት መዝገብ

ጎርፉ በቅሎይቱን እስከ ደረቷ ዋጣት። አሰለፈች የቆርቆሮውን ሣጥን በአንድ እጇ ከራሷ ላይ ደግፋ፣ በሌላው የሽማግሌውን የቆዳ ነጋዴ የሀሚድን ዘንግ ጨብጣ ትንገዳገዳለች።

«ሣጥኑን ልቀቂው!»

«አልለቅም፣ ጋሽ ሀሚድ!»

«እንግዲያ ቶሎ ተራመጂ፤ አንዲት የተማረች ልጅ ከነወረቀቷ አስጥሜ መጣሁ ብዬ ሚስቴ ፋጤ ፊት አልቆምም!»

እየተንቀጠቀጡ፣ እየሳቁም ተሻገሩ።

ሐምሌ 1975 ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የስማዳው መሪጌታ ዋሴ ለሃያ ሁለት ዓመት ጧት ጧት እየለኩ የጻፉት የዝናብ መዝገብ አለ፤ ግልባጭ የለውም። አሰለፈች የዓለም አየር መሞቅ በዚህ ደጋ ላይ የሚያመጣውን በኮምፒዩተር ትቀምራለች፤ መዝገቡ ከጠፋ ስሌቷ ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ደግሞ ከነፋስ መውጫ በሦስተኛው ቀን ቀትር ይነሣል።

በማግስቱ፣ ወደ አርብ ገበያ በሚያወጣው ገደል፣ የዝንጀሮ መንጋ ከአናታቸው ድንጋይ አንከባለለ። በቅሎይቱ ደንብራ የኋላ እግሯ ከመንገዱ አፈተለከ፤ ሣጥኑ ከገደሉ በላይ ተንጠለጠለ። ሀሚድ ልጓሙን፣ አሰለፈች ጭነቱን ይዘው እስኪደሙ ጎትተው አወጧት።

ከአፋፉ ሲደርሱ የቀበሌ ዘቦች ከበቧቸው። አለቃቸው አበጀ መዝገቡን ገለጠ።

«ይህ ሁሉ ቁጥር የማን ምስጢር ነው?»

«የደመና ነው፣ ጓድ አበጀ» አሉ ሀሚድ። «ሸክሜን አበስብሶ ያከሰረኝ እሱ ነው፤ ከቻልህ እሱን እሰርልኝ።»

ዘቦቹ ሳቁ፤ አበጀ ግን አልሳቀም።

«ስልሳ አምስትን አሳዪኝ።»

አሳየችው። ጣቱ በዜሮዎቹ ላይ ቁልቁል ወረደ፤ ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ቆመ።

«ሁለት ልጆች የቀበርሁት በዚህ ዓመት ነው» አለ። «ከዚያ በፊት የአፋፉን ጥድ ጨፍጭፈን ነበር። ምንጩ የደረቀው ዝናቡ ገና ሳይቀር ነው። እሱስ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያስ መዝገብሽ ግማሽ ነው።»

ሣጥኑን በገዛ እጁ በጠፍር አሥሮ መለሰላት።

አሰለፈች ጥድ ወደሌለው አፋፍ እየዞረች እያየች ተጓዘች። በስሌቷ ውስጥ ሰማይ አዛዥ፣ ምድር ታዛዥ ነበረች፤ ምድር ለሰማይ የምትመልሰውን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ ቀትር ነፋስ መውጫ ሲደርሱ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ሣጥኑን ለሾፌሩ ለጸጋዬ አስረከበች፤ ከላዩም ለመሥሪያ ቤቷ ወረቀት አኖረች፦ «ስሌቱን አትዝጉት። ግማሹ ገና አልተለቀመም።»

«አትወጪም እንዴ?» አለ ጸጋዬ።

«ሂድ። እኔ እቆያለሁ።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ራቀ። ሀሚድ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት።

«አበድሽ፣ ልጄ?»

«በመጣንበት መንገድ ላይ ስንት ምንጭ ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አሥራ ሰባት። ስድስቱ ሞተዋል።»

«ነገ ከሞቱት እንጀምር።»

«ስንቁን አንቺ ትገዢያለሽ» አሉ ሀሚድ፣ በቅሎይቱን እያዞሩ።