የብርጓል የደበቀችው መስመር

ገዳሙ ደብተሩን ይዞ አጠገቧ በተቀመጠ ቁጥር የብርጓል ስክሪኗን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተር እምቢ ያለው ሠራተኛ ሁሉ አምስት ዓመት የደወለው ለእሷ ነው። ከሁለት ወር በፊት ግን ይህ ገዳሙ የሚባል ዝምተኛ የደምበጫ ልጅ ተቀጠረ። ሥራው የእሷን መፍትሔዎች መጻፍ ነው፤ ሠራተኛው ከፍቶ እያነበበ ችግሩን ራሱ እንዲፈታ። የእሷ ኮንትራት ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል።

«ወለላ ከካርድ ክፍል ስትደውል ምን አለችሽ?»

«ፕሪንተሩ ተበላሸ ነዋ!»

«በራሷ ቃል ንገሪኝ። ርዕሱን እሷ እንደምትናገረው ካልጻፍነው ፈልጋ አታገኘውም።»

«‹ካርዱ አልወጣ አለኝ› ነው ያለችው።»

ይጽፋል። ከዚያ ቀና ብሎ ያያታል፤ አስተያየቱ ከጥያቄው ይረዝማል። ልቧ ድንግጥ ባለ ቁጥር ጥርጣሬዋ ይብሳል። «በዓይኑም ጭምር ይሰልለኛል» ትላለች ለራሷ።

አንድ ዓርብ የካርድ ፕሪንተሩን መፍትሔ ስትነግረው ሆን ብላ አንድ መስመር አስቀረችበት፦ ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት የታካሚዎቹ ተራ ሴቭ መደረግ አለበት።

ሰኞ ጠዋት ወለላ ጽሑፉን ከፍታ እንደተባለችው ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። የመቶ ሃያ ሰው ተራ ጠፋ። ከመርጡለ ማርያም የመጡ አንድ አዛውንት ቄስ በመቋሚያቸው ተደግፈው «ልጄ፣ እንደ አዲስ ልሰለፍ ነው?» ሲሉ የብርጓል ሰማች። አንገቷን ደፋች።

ኃላፊው አቶ ውበቱ ሁለቱንም አስጠሯቸው።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ገዳሙ። «የነገረችኝን አሳስቼ ጽፌው ነው።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። የብርጓል ጥፋቷን ሳትናገር ወጣች።

ቢሮዋ ተመልሳ ጽሑፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተቻቸው። አርባ ሦስት ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው ሥር «አዘጋጅ፦ የብርጓል» ይላል። የካርድ ፕሪንተሩ ጽሑፍ ላይ ብቻ የገዳሙ ስም አለ፤ ስሙ የተቀየረው ዛሬ ጠዋት ነው።

«ስሜን ለምን ጻፍከው?» አለችው ገዳሙን ጠርታ።

«ኮንትራት የሚያድሱት ሰዎች በስልክ የምትናገሪውን አይሰሙም። ምን እንደምታውቂ እንዲያዩ ብዬ ነው።»

«ይኼኛው ላይስ ለምን አጠፋኸው?»

«አንቺ አትሳሳቺም። እኔ አምልጦኝ መሆን አለበት።»

«አላመለጠህም» አለች። «ደብቄህ ነው።»

ገዳሙ ደብተሩን ዘግቶ ወጣ።

የብርጓል አቶ ውበቱ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ማስጠንቀቂያው ከእሱ ፋይል ወጥቶ እሷ ፋይል ውስጥ ገባ። ሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። እሷ ግን በየጠዋቱ ቀድማ እየገባች ለማንም ነግራ የማታውቀውን ሁሉ በእጇ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ሰኔ ላይ ጽሑፎቿ ታይተው ኮንትራቷ ለአንድ ዓመት በታደሰ ማግሥት ገዳሙ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ደምበጫ እንሂድ?»

«ለምን?»

ተንተባተበ። «እናቴ... ስለ አንቺ ስለማወራላት...»

«ምን አሉ?»

«‹ልጅቱን በዓይኔ ሳላያት አላምንህም› አለችኝ።»

የብርጓል ሳቋ አመለጣት። «እውነታቸውን ነው። እኔም እሳቸውን ሳላይ አላምንህም።»

ቅዳሜ ሄዱ። በመስቀል ማግሥት ደግሞ የገዳሙ ሽማግሌዎች የአባቷን በር አንኳኩ።