የሰንበታ እግሮች

የመጋዘን ጠባቂው የሰንበታ ሬሳ ከቆዳ መጋዘኑ ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ራሱን ከኋላ ተመትቷል። የአዳማ ባቡር ጣቢያ ዘበኞች አለቃ ባላምባራስ ንዋይ እግሩን በከዘራቸው ነካ አደረጉ።

«ድርቅ ብሏል። ሲነጋጋ የሞተ ነው።»

ሲነጋጋ ከሰንበታ ጋር መጋዘኑን የከፈተው ጭነት ተሸካሚው ኑሬ ነበርና ወዲያው ገዳይ ተብሎ የፊጥኝ ታሰረ። እናቱ መሪማ ከሥጋ ቤቷ እየሮጠች ደረሰች።

«ልጄን ፍቱልኝ! ሬሳውንም አሳዩኝ!»

«ሴትዮ፣ ስለ ሬሳ ምን ታውቂያለሽ?» አሉ ባላምባራስ።

«ሃያ ዓመት ሥጋ ስበልት የኖርኩ ነኝ። ልየው!»

ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሰንበታ ጭንና ባት እንደ ግንድ ጠጥሯል። አገጩ ግን ሲነኩት ይከፈታል። ብብቱም ገና ይሞቃል።

«ኑሬ የት ዋለ?» ብላ ጠየቀች።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ባቡር ስንጭን ከጎኔ አልተለየም» አለ ባልደረባው ደገፋ።

«እርስዎስ፣ ጌታው?» አለች በቅሎ ይዞ ወደቆመው ሰው ዞራ።

«እኔማ ከሞጆ በበቅሎዬ እያዘገምኩ አሁን መድረሴ ነው» አለ የቆዳ ነጋዴው ተክለሃይማኖት።

መሪማ በቅሎዋን ዳሰሰች። ላቧ ደርቆ ጨው ሠርቷል፤ ጭኗ ይንቀጠቀጣል።

«ሁላችሁም ቅረቡ!» አለች። «በሬ ሳናሳርፍ የማናርደው ለምንድን ነው? ጡንቻ ስንቅ አለው። ለመሳብም ለመላላትም ከዚያው ይበላል። ያረፈ በሬ ስንቁ ስላላለቀ ሥጋው ለሰዓታት ለስልሶ ይቆያል። ሲባረር የቆየ ግን ስንቁን ጨርሶ ስለሚወድቅ ወዲያው ይደርቃል።»

«ሰንበታ በሬ ነው እንዴ?» አሉ ባላምባራስ።

«ሬሳ ስንገንዝ አገጩን የምናስረው ቀድሞ ስለሚደርቅ አይደለም? ሲነጋጋ ቢሞት ኖሮ አገጩ ይደርቅ ነበር። የሰንበታ ግን የደረቀው እግሩ ብቻ ነው። ነፍሱን ለማትረፍ ሮጧል! ገላው እየሞቀ ነው፤ ከሞተ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ያን ጊዜ ልጄ ባቡር ሲጭን ነበር። ይህች አዘገመች የተባለች በቅሎስ ማንን ስታባርር ነው ጭኗ የዛለው?»

ተክለሃይማኖት ልጓሙን ለቀም ሲያደርግ ደገፋ መንገዱን ዘጋበት።

«ዝም በል ስለው እምቢ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ነጋዴው። «ቆዳ ስትሰርቅ አይቼሃለሁ፣ እናገራለሁ አለ!»

ዘበኞቹ ያዙት። ባላምባራስ ኑሬን አስፈቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«በቃ፣ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።»

መሪማ ንቅንቅ አላለችም።

«ልጄን ነፍሰ ገዳይ ያሉት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፣ ባላምባራስ። ንጹሕ ነው የሚሉትም ሰው ሳይበተን ነው።»

«ኑሬ ንጹሕ ነው» አሉ ባላምባራስ በለሆሳስ።

«ጮክ ብለው!» አለች።