ጊዜው ያለፈበት ብልቃጥ

ጋሼ ጀማለዲን ጭድ ተራ ባለችው የምንጣፍ ሱቃቸው ውስጥ፣ በደረታቸው እንደተኙ ሞተው የተገኙት ማለዳ ነው። ሸሚዛቸው ከጀርባው በደም ርሷል፤ ክንዳቸው በልዟል። ጎረቤቱ ገዳዩን ለመለየት አልተቸገረም፤ ትናንት ጀርባቸውን በምላጭ በጥተው ዋግምት ያደረጉላቸው ሽማግሌው ጋሼ ነስረዲን ናቸው! ወዲያው ካቴና ገባላቸው።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት የሰፈር ፍርድ አትወድም። ጎንበስ ብላ ጀርባቸውን አየች። የምላጩ ጭረቶች ላይ ላዩን ናቸው፤ ደሙ ግን የተኙበትን ፍራሽ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ወርዷል።

«ክንዳቸውን ማን መታው?»

«እኔ ነኝ የያዝኳቸው» አለ የወንድማቸው ልጅ ሙናዊር። «አልመታሁም! ትናንት ማታ ክንዳቸውን ይዤ ቤት ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው። ‹እኔ ስገባ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እዚሁ ብቻዬን ይሻለኛል› አሉኝ።»

«ጋሼ ነስረዲን፣ እርስዎስ ምንም ሳይጠይቁ በጧቸው?»

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ‹ልጄ የምትሰጠኝ ቫይታሚን ብቻ› አሉኝ።»

ፍሬሕይወት ከመደርደሪያው የቫይታሚን ብልቃጥ አነሳች። ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ክኒኑ ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው። የሟቹ ልጅ ኢክራ ፊቷን አዞረች።

ፍሬሕይወት ሟቹ ይታከሙበት ወደነበረው ሆስፒታል ደውላ ስለ ክኒኑ ጠየቀች፤ ከዚያም ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ያረጀ ብልቃጥ የሚሞላው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው። ይህ ክኒን ካንሰር እንዳይሰራጭ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌት የሚባሉ ሕዋሳትም ያዳክማል። ሙናዊር የያዘው ክንድ የበለዘው ለዚህ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ቶሎ የሚደርቅ ጭረት እሳቸው ላይ ሲደማ ያደረው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ‹ቁስል እንዳያገኛቸው› ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ኢክራ ዞረች። «ለአንቺ።»

«እንዲህ ያለ በሽታ ለታማሚው ይነገራል እንዴ?» አለች ኢክራ እንባዋ እየወረደ። «ቤተሰቡ ሁሉ አይነገራቸው ብሎ ተስማማ። እንዳይፈሩ ብዬ ብልቃጡን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ዋግምት ይሄዳሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«እንዳይፈሩ ብላችሁ ብቻቸውን አስቀራችኋቸው» አለች ፍሬሕይወት፤ ድምፅዋ ግን አልከረረም። የጋሼ ነስረዲንን ካቴና ፈታች።

ሽማግሌው ቶሎ አልወጡም። እጃቸውን እያሹ ኢክራ አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ ያመማቸው እንኳ ጀርባቸውን አልነበረም። ‹ከታመምኩ ወዲህ ሰው እጁን አላሳረፈብኝም› ብለው ነው የመጡት።»

«ጠርጥረው ነበር?»

«የበሽታውን ስም አያውቁትም። ‹ኢክራ የምትደብቀኝ ነገር አለ፤ ብጠይቃት ታለቅሳለች ብዬ ነው ዝም ያልኳት› አሉኝ።»