በመካከላችን ሻጭ አለ

ቤታን ሰው ቶሎ አታምንም። ስዋንዚ ከተማ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ «ሁሌም እቦርሻለሁ» የሚሉ አፎችን ስታይ ትውላለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚገናኙበት የፌስቡክ ቡድን አድሚን ናት።

በቡድኑ ውስጥ ሰው የሚያወራው በቁጥር ነው። «ቀን 3፦ ባሌ ላይ ያለምክንያት ጮህኩበት።» «ቀን 20፦ የምግብ ጣዕም ተመለሰልኝ!» «ቀን 1፦ እንደገና።» አንዱ የጣለውን ቬፕ ከነቆሻሻ መጣያው ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ ሁለት መቶ ሰው ልብ ይሰጠዋል። በዚህ መሀል ሐሰተኞቹን መልቀም የቤታን ድርሻ ነው። «በሦስት ቀን ተውኩ፤ ምስጢሩን በውስጥ መስመር» ያለ ሁሉ የሚሸጠው ነገር አለው። ገጻቸውን ትፈትሻለች፣ ፎቶአቸውን ታገላብጣለች፣ ታባርራለች። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ቬፕ የሚሸጥ ሰው ቡድኑ ውስጥ ቦታ የለውም።

መጋቢት ላይ ኢዋን የሚባል ሰው ገባ።

«ቀን 4» ብሎ ጻፈ። «እጄ ኪሴ ይገባና ባዶውን ይመለሳል። ከዚያ ምን ልሥራ ብሎ ያየኛል። የምሰጠው ሥራ የለኝም።»

ቤታን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጠረጠረችው። እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው መጨረሻው ዋጋ መናገር ነው።

«ሰላም፣ አድሚን ነኝ» አለችው በውስጥ መስመር። «የጣልከውን ፎቶ አልለጠፍክም።»

«አልጣልኩትም። መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ለምን?»

«ብጥለው ሌላ እገዛለኋ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ምርመራ ነው እንዴ? ጠበቃ ልጥራ?»

ሳታስበው ሳቀች። መሳቋም አናደዳት።

ምርመራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይቀልዳል። አንድ ቀን መልእክቱ ሲዘገይባት ስልኳን አሥር ጊዜ እንዳየች ልብ አለች። በሚቀጥለው እሑድ ባሕሩ ዳር ተገናኙ። ኮምጣጤ የጠገበ ድንች ጥብስ ከአንድ ወረቀት እየበሉ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ስታወራ አያቋርጣትም፤ ዝም ብሎ ያያታል።

«ምን ታያለህ?»

«አድሚን ፊት እንዳላት አላውቅም ነበር።»

ነፋሱ ዞረ፤ ከጃኬቱ ጣፋጭ ሽታ አመጣ። ቤታን ሽታውን ለየችው።

«ሐብሐብ ሐብሐብ ትሸታለህ።»

«የሥራ ቦታ ሽታ ነው።»

«ሐብሐብ የሚሸት ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«ሱቅ ነው… የስልክ ሽፋን፣ ምናምን።» ዓይኑን ወደ ባሕሩ አዞረ።

እየዋሸ ነው፤ አወቀች። ሆኖም አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እጇን ሲይዛት አልነጠቀችውም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ያሉትን የስልክ ሱቆች አንድ በአንድ ዞረች። ኢዋንን የሚያውቅ የለም። ከአራተኛው ስትወጣ ግን ከማዶ ባለው መስታወት ውስጥ አየችው። የቬፕ ሱቅ ነው። ኢዋን ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ለአንዲት ሴት ከሐብሐብ ጀምሮ የጣዕም ዓይነት ያስመርጣል።

ገባች። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

«የስልክ ሽፋን አለ?»

ፊቱ ቀላ። «ቤታን…»

«ስንት አባል ወሰድክብን?»

«አንድም! አንድ ውሸት ነው የዋሸሁሽ፤ ሱቁን። ቀኑ እውነት ነው። ዛሬ ሠላሳ አንደኛ ቀኔ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚህ ሽታ ውስጥ ቆሜ ነው የተውኩት። ይሄን ብጽፍ ታባርሪኝ አልነበር?»

«አባርርህ ነበር።»

«ይኸው።»

ወጥታ በመስታወቱ በኩል ፎቶውን አንስታ «በመካከላችን ሻጭ አለ» የሚል ርዕስ ሰጥታ ለጠፈችው። እቤቷ ሳትደርስ ሦስት መቶ ኮመንት ተጽፎበታል። «እባብ!» «እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር።» «ልጄን ያስለመዳት የሱ ዓይነቱ ነው።» ኢዋን አንድ መስመር ብቻ መለሰ፦ «እውነት ነው፣ እሸጣለሁ። ሠላሳ አንደኛ ቀኔ ነው፤ ሁላችሁም በርቱ።» ከዚያ ራሱ ከቡድኑ ወጣ።

ማክሰኞ ወይዘሮ ግሌኒስ ክሊኒክ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ የቡድኑም አባል። ቤታን ፎጣውን ደረታቸው ላይ ስታስርላቸው እጇን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ኢዋን ሻጭ መሆኑን እኔ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ። በየምሳ ሰዓቱ ይደውልልኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሱቁ ድረስ ሄጄ "ስጠኝ" ብለው፣ "ለከተማው ሁሉ እሸጣለሁ፣ ለእርስዎ ግን አልሸጥም" ብሎ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ዋሸ?»

«ስለሚፈራሽ ነዋ! ሁላችንም እንፈራሻለን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው ወር ከቀጠሮዬ ቀድሜ መጥቼ መኪናሽ ውስጥ አየሁሽ። መስታወቱ በጭስ ተሸፍኖ ነበር።»

ቤታን ጓንቷን መሳብ ጀመረች፤ አልወጣ አላት። ከገና በኋላ ነው ወደ ቬፑ የተመለሰችው። ቡድኑ ውስጥ ግን ቁጥሯ አልቆመም፤ መቶ ስድሳ ደርሶ እንኳን ደስ አለሽ ተብላለች። የሰዎቹን ውሸት እንዲህ በቀላሉ የምታሸተው ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችውም ነበር።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ሲያቅትሽ ራስሽ ትናገሪዋለሽ ብዬ። በይ አሁን ሐኪሙን ጥሪልኝ።»

በዚያው ዕለት ቡድኑ ላይ ጻፈችው። መኪናውን፣ የገናውን፣ የሐሰት ቁጥሩን። ኢዋን ላይ ያደረገችውንም ጻፈች፤ አድሚንነቱን ለወይዘሮ ግሌኒስ አስረከበች። ያጽናኗትም የሰደቧትም ነበሩ። «ወንድሜን በአንዲት ቀን የቁጥር ስህተት ያባረረችው ይቺው ናት!» አለ አንዱ። ልክ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሱቁ ሄደች። ኢዋን ካርቶን እየከፈተ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት፣ ተመልሶ ወደ ካርቶኑ አጎነበሰ።

«የጻፍኩትን አየኸው?»

«ወይዘሮ ግሌኒስ በስልክ አነበቡልኝ። ሁለት ጊዜ።»

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ሕዝብ ፊት ነው ያዋረድሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ሳይቀር አንብባዋለች። "እባብ ነህ ወይ?" አለችኝ።»

መሳቅ አልደፈረችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

«ፈትሸው። ኪሶቹንም።»

ኢዋን ቦርሳውን ረጅም ጊዜ አየው። እጁን ዚፑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እጁን አነሣና ቦርሳውን ወደ እሷ ገፋው።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«ሁለተኛ።»

«እውነተኛው?»

«እውነተኛው።»

በዓይኑ መረመራት፤ እሷ ሌላውን እንደምትመረምረው አድርጎ። ቤታን ዓይኗን አላሸሸችም።

«ሦስተኛው ነው ክፉው» አለ በመጨረሻ፣ ካርቶኑን በእግሩ ወደ ጎን እየገፋ። «ነገ ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»