በአፍ የተሰጠ ድምፅ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፯፻፺፱ ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ የቨርጂኒያ ገበሬ የትምባሆ መደቡን ጥሎ ወደ ፍርድ ቤቱ ሜዳ ጎረፈ፤ የኮንግረስ እንደራሴ የሚመረጥበት ቀን ነበርና። በማዕከላዊው መንግሥት፣ በብሔራዊ ባንኩና በአዲሱ ግብር የሚያምኑት ፌዴራሊስቶች በአንድ ወገን፤ «እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ቤት ጌታ ነው» የሚሉት ሪፐብሊካኖች በሌላ ወገን ቆመው፤ ትናንት በነጻነቱ ጦርነት በአንድ የጦር ሰፈር አብረው የተራቡ ሰዎች ዛሬ በመንገድ ሲተላለፉ ባርኔጣ አያነሡም ነበር።

ገበሬው ሌሙኤል ታርፕሊ የፌዴራሊስቶቹ ዕጩ የጠበቃው ጆሳያ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ሲሞት ያሳደገው፣ የወንዙን ዳር መሬት ሸጦ ሕግ ያስተማረው እርሱ ነው። በዚያ ማለዳ ጆሳያ በፈረስ መጥቶ በበረቱ ደጃፍ አገኘው።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ቤት ዋልልኝ። ወገቡን አሞታል እላቸዋለሁ።»

«ወገቤስ ደህና ነው፤ ካንተ ክርክር ይልቅ ቀጥ ያለ ነው።»

«ዕዳውን የማይከፍል አገር ማን ያምነዋል? አንድ የሚያደርገን መንግሥት ከሌለ እኮ ክፍለ ግዛቶቹ እንደ ውሻ ይናከሳሉ።»

«ዕዳውስ ለማን ተከፈለ? በወታደርነት ደሞዜ ፈንታ የተሰጠኝን የመንግሥት ዕዳ ወረቀት ተርቤ ለሰሜን ነጋዴ በርካሽ ጣልኩለት፤ መንግሥትህ ለሱ በሙሉ ዋጋ ከፈለው። አሁን ደግሞ እኔኑ ግብር አምጣ ይለኛል!»

«እኔ ነኝ እንዴ የበላሁብህ?»

«አንተማ ልጄ ነህ። ማታ ራት ከኔና ከማርታ ጋር ነህ፤ ፖለቲካውን እዚያው ሜዳ ጥለነው እንመጣለን።»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር።

በዚያ አገር ድምፅ በምስጢር አይሰጥም፤ መራጩ በምርጫው ሹም ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ዕጩም ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ ያመሰግነዋል። ጆሳያና የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ሻለቃ ክራዶክ ከሹሙ ጎን ተቀምጠዋል። በአጥሩ ሥር በባርነት የተያዙ ሰዎች የጌቶቻቸውን ፈረሶች ይዘው ቆመው ነበር፤ ስለ ነጻነት ያን ያህል በተጮኸበት ሜዳ ለእነርሱ አንደበት አልተፈቀደላቸውም።

«ሌሙኤል ታርፕሊ! ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?»

ሌሙኤል ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሹሙ ቀረበ። እርሱ ገና ስም ሳይጠራ ጆሳያ መነሣት ጀመረ፤ ደም ውሃ አይሆንም ብሎ ይሁን፣ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ ለታላቁ መነሣት ልማዱ ሆኖ፣ ማንም አላወቀም።

«ለሻለቃ ክራዶክ።»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

«ተቀመጥ እንጂ ጠበቃው! ለማን ነው የተነሣኸው?»

«የናቱ ልጅ እንኳ እምቢ ብሎታል!»

ሻለቃው ተነሥቶ በጨዋ ደንብ እጅ ነሣ። ጆሳያ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ፣ ለምስጋና የዘረጋው እጅ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከቀትር በኋላ ሌሙኤል ከፈረሶቹ አጠገብ ጠበቀው።

«ና እንሂድ እንጂ፤ ማርታ ያሳማ ጭን ጥዳልሃለች።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ታርፕሊ፤ እንግዶች አሉብኝ» አለውና አለፈ።

ጆሳያ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ፤ የወንድሙ ድምፅ ቢጨመርለትም ባላዳነው ነበር። በመከር ወራት ከተራሮቹ ማዶ ወደ ኬንታኪ ተሰደደ፤ በዚያው በወባ ሞተ።

ዘመን አለፈ፤ የፌዴራሊስቶቹ ወገን ሲመናመን፣ ድል ያደረጉት ሪፐብሊካኖች ራሳቸው አዲስ ብሔራዊ ባንክ አቋቋሙ። ሌሙኤል ወሬውን ወፍጮ ቤት ሰምቶ ሳቅ አመለጠው፤ ይህን ሰምቶ ከእርሱ ጋር ከልቡ ሊስቅ የሚችል ሰው አንድ ብቻ እንደነበረ ሲያስብ ግን ዱቄቱን ተሸክሞ ወጣ።

ታሪክ የወገኖችን መወለድና መሞት መዝግቧል፤ ያ አውራጃ ለክፍለ ግዛቱ መብት ጸንቶ መቆሙንም በክብር ያነሣል። በዚያ ጽናት መካከል አንድ ሰው ያሳደገውን ልጅ ማጣቱን ግን አያውቅም። ሌሙኤል እውነቱን እንደተናገረ እስከ ዕለተ ሞቱ አመነ፤ እምነቱም አላጽናናውም።