የሆራው ዳር ኮቴ

ጆቴ ጠዋት ጠዋት ከሲሬ ወጣ ብሎ ወዳለው ሆራ ይወርዳል። የሚጠብቃትን የንዝረት መመዝገቢያ ጣቢያ የቆርቆሮ በር ይከፍታል፤ ባትሪውን ያያል፤ የሞላውን ቴፕ አውጥቶ ባዶ ይከትታል። ከዚያ መሣሪያው መስማቱን ለመፈተን አጠገቡ ቆሞ መሬቱን ሦስት ጊዜ በእግሩ ይመታል። ቆልፎ ይወጣል።

ሆራው ከብት የሚጠጣው፣ እንደ አምቦ ውሃ የሚፍለቀለቅ ምንጭ ነው። ከሥሩ፣ ከወጣ ሰውና ከብት የሚያፍን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቋል። ጋዙን የያዘው ዐለት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚታወቀው በጥቃቅን ንዝረቱ ነው። ያን ንዝረት ከከብትና ከመኪና ጫጫታ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራው ፀዳለ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመደበችው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው ቢሮ ነው።

ቴፖቹን ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ የሚያመጣው ራሱ ጆቴ ነው። መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ቀና ሳትል፣

«የእርስዎ እግር ሥራዬን አበላሸብኝ» አለችው።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ሳይባል ወደ ክስ?»

«ዝሆን የሚረግጠው መስሎኝ ነበር።»

«ጫማው ነው። የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ይሰፋኛል።»

ቀና አለች። እውነትም ይሰፋው ነበር።

እየዋለ እያደረ አንቱታው ቀረ፤ ሰላምታውም «አካም ቡልቴ» ሆነ። ቴፕ በተጫነ ቁጥር ዓይኗ ቀድሞ የሚፈልገው የጠዋቱን ሦስት ምት ነው። ሦስተኛው ሁልጊዜ ጥቂት ይዘገያል። እናቷ፣ የጎጃም ሴት፣ የጴንጤ ልጅ ነው ብለው ሲያጉረመርሙ ከረሙ፤ ኋላ ግን ቅዳሜ ሲመሽ «ያ ልጅ ዛሬ አልመጣም?» ማለት ጀመሩ። ጆቴ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት።

ከፋሲካ በፊት ለጆቴ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ መሥሪያ ቤቱ ለሥራው ያስፈልጋል ብሎ ከጻፈለት ስሙ እንደሚታለፍ ተናገረ። የመሥሪያ ቤቱ የአዲስ አበባ ኃላፊ ደግሞ ከመጻፉ በፊት የጣቢያዋ ሥራ ይታይ አለ። ፀዳለ ያላትን ምርጥ ነገር ላከች፤ በአዲሱ ፕሮግራሟ የጸዳውን የወራት ውጤት። ከብት የለ፣ መኪና የለ፣ ንጹሕ ንዝረት ብቻ።

ኃላፊው ስልክ ደወለ። ሰውየው አንድም ቀን መሣሪያውን አልፈተነም፤ ሥራ ለማይገባ ሰው እንዴት እመሰክራለሁ አላት።

ክው አለች። ፕሮግራሙ የጆቴንም ኮቴ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሰርዞታል። ነገሩን ብታስረዳው ዋናው ቴፕ ይምጣ አለ። በማግስቱ በአውቶቡስ ላከችው። ቴፑ መንገድ ላይ እንዳለ ምልምሎቹ ተጫኑ።

ካሚዮኑ ነቀምቴ ሲቆም ደረሰችበት። እግሩ ላይ ያው ሰፊ ጫማ ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» አለችው፤ የሆነውንም ነገረችው።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ታዲያ ፕሮግራምሽ ሠርቷላ።»

«ጆቴ...»

«መልሰሽ አስገቢኝ፤ እሺ?»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሞተሩ ተነሣ።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን አስተካክላ ኮቴ እንዳይሰርዝ አደረገች። በክረምቱ መጨረሻ ሲሬ፣ አባቱ ቤት፣ ከሰሜን ጦር ግንባር የጆቴ መርዶ ገባ። እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእሷ ጋር ለቅሶ ደረሱ።

ጣቢያዋን አሁን የሚጠብቀው ባቻ የሚባል ሌላ ሰው ነው፤ መሣሪያውን የሚፈትነው በመዶሻ ነው። ቴፑ ቅዳሜ ይደርሳል። የዐለቱ ንዝረት አለ፤ የከብቱ አለ፤ የመኪናውም አለ። የጠዋቱ ሦስት የእግር ምት የለም።